ከችሎት እስከ ምርጫ ቦርድ፤ ብርቱካን ሚደቅሳ ያዘዙትና የታዘዙት

ስለ ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ሲነሣ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው እስራታቸውን ነው። ሁለት ጊዜ ታስረው ሁለት ጊዜ በይቅርታ ወጡ፤ ተሰደዱ፤ ተመልሰው የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። እንዲህ ሲነገር የጽናት ገድል ነው፤ ጽናታቸውም የሚያከራክር አይደለም። እዚህ ላይ መጻፍ የፈለግሁት ግን ስለ ወረቀቶቹ ነው። በእያንዳንዱ የሕይወታቸው ምዕራፍ መሀል አንድ ወረቀት አለ፤ የዋስትና ትእዛዝ፣ የይቅርታ ደብዳቤ፣ የቦርድ ውሳኔ፣ የሰበር ፍርድ። የተጻፈው ሲፈጸም አገር አንድ እርምጃ ትራመዳለች፤ ሳይፈጸም ሲቀር ሰው ይታሰራል፣ አንዳንዴም ይሞታል። ማን ጻፈው፣ ማን ሊፈጽመው ይገባ ነበር፣ የት ላይ ተሰናከለ ብሎ መጠየቅ ስለ እሳቸውም ስለ አገሪቱም ብዙ ያሳያል።

የተወለዱት አዲስ አበባ፣ ያደጉትም ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። አገር ስማቸውን ያወቀው በ1993 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው፣ የአቶ ስዬ አብርሃ መዝገብ ችሎታቸው ላይ ሲደርስ ነው። አቶ ስዬ የቀድሞ የመከላከያ ሚኒስትር ናቸው። በዚያው ዓመት ሕወሓት ለሁለት ሲከፈል ከተሸነፈው ወገን ሆኑ፤ ከዚያም በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ።

የችሎት አሠራር ለማያውቅ አንባቢ ሂደቱን ላስረዳ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተጻፈ ነው። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ተጠርጣሪው በበኩሉ የዋስትና ጥያቄ ያቀርባል። ዋስትና መብት ነው፤ ክልከላው ነው ምክንያት የሚፈልገው። ዳኛው በአንቀጽ 67 መሠረት የሚመዝነው ሰውየው ቢለቀቅ ግዴታውን አክብሮ ይቀርባል ወይ፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ወይ፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ወይ የሚለውን ነው። ሥልጣን የነበረው መሆኑ ወይም ከገዢው ፓርቲ መጣላቱ ከሚመዘኑት ውስጥ የለም። ዋስትናው ሲፈቀድና ዋሱ ወይም ገንዘቡ ሲቀርብ ችሎቱ ለያዘው አካል የመፍቻ ትእዛዝ ይጽፋል። የዳኛው እጅ እዚህ ላይ ያበቃል። ፍርድ ቤት የራሱ ፖሊስ የለውም፤ ትእዛዙን የሚፈጽመው ያው ተጠርጣሪውን ይዞ ያቀረበው፣ ተጠሪነቱ ለሥራ አስፈጻሚው የሆነ ፖሊስ ነው።

ወ/ሪት ብርቱካን መዝገቡን መርምረው ዋስትና ፈቀዱ። አቶ ስዬ ከችሎት እንደወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። በዚያው ሰሞን ፓርላማው አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አጸደቀ፤ ይዘቱ በሙስና ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በዋስ አይለቀቅም የሚል ነው። የጸረ ሙስናው ልዩ ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ ቁጥር 236/1993፣ ገና በዚያው ወር አካባቢ የወጣ ነበር፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ተሻሻለ። አቶ ስዬ ለ6 ዓመት ያህል ታስረው በ1999 ወጡ። አዲሱ ክልከላ እየከረመ ራሱ ሕግ አውጪውን ሳይከብደው አልቀረም፤ በ1997 በአዋጅ ቁጥር 434 ተለውጦ ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ለተጠረጠሩት ብቻ ተወሰነ።

የዳኛዋ ድፍረት ብዙ ተወድሷል፤ ይገባዋል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመሰናክሉ ቅርጽ ነው። ትእዛዙን የማይወድ ወገን ሕጋዊ መንገድ ነበረው፤ ይግባኝ። ዐቃቤ ሕግ ለበላይ ፍርድ ቤት ያመለክታል፣ የበላዩ ያግዳል ወይም ያጸናል። ይህ መንገድ ተዘሎ መጀመሪያ ሰውየው ተያዘ፣ ከዚያ መያዙን የሚደግፍ ሕግ ተጻፈ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ዳኛ የሚሠራበት ሕግ በመዝገቡ ተከራካሪ እጅ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። ይህን ያየ ዳኛ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወንበሩ ላይ ቆይቶ መጠንቀቅ ወይም መውጣት። ወ/ሪት ብርቱካን ወጥተው ጠበቃ ሆኑ፤ ከዚያም ወደ ፖለቲካው ገቡ።

የገቡበት ፓርቲ ቀስተ ደመና ነው። ቀስተ ደመና ከመኢአድ፣ ከኢዴፓ መድኅንና ከኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ ጋር ሆኖ ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲን መሠረተ፤ ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ሊቀመንበር፣ ወ/ሪት ብርቱካን ምክትል። የግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ ታሪክ ለአንባቢ አዲስ አይደለም። ቅንጅት በይፋው ውጤት 109 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ሲያገኝ፣ የአዲስ አበባ ምክር ቤትን ከ138 መቀመጫ 137 ወሰደ። ለኋላው የሚጠቅመን አንድ ነገር ብቻ እዚህ ልያዝ። በዚያ ምርጫ የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ከማል በድሪ ነበሩ፤ እሳቸው በዚያው ጊዜ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም ነበሩ። በቦርድ ውሳኔ የተከፋ ፓርቲ ይግባኝ ብሎ የሚሄድበት የፍርድ ቤት መዋቅር ራስ ላይ ያው የቦርዱ ሰብሳቢ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። አቤቱታዎች ቀረቡ፣ አጣሪ ቡድኖች ዞሩ፣ ነሐሴ ላይ በ31 ምርጫ ክልሎች ድጋሚ ድምፅ ተሰጠ፤ ተሸናፊው ወገን ግን የፈረደለትንም የፈረደበትንም አካል ማመን አልቻለም። በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 ጎዳና ላይ የፈሰሰው ደም ብዙ መነሻ ቢኖረውም፣ አቤት የሚባልበት ታማኝ ቦታ መጥፋቱ አንዱ ነው። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አግኝቷል።

የቅንጅት መሪዎች ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ጀምሮ ተይዘው ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን በኃይል ለመናድ በመሞከር ተከሰሱ። አብዛኞቹ ፍርድ ቤቱ ነጻ አይደለም ብለው አልተከላከሉም። ሐምሌ 9 ቀን 1999 ወ/ሪት ብርቱካን የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በአራተኛው ቀን፣ ሐምሌ 13፣ ከሌሎች 37 ሰዎች ጋር በይቅርታ ወጡ።

አሁን የይቅርታውን ወረቀት በቅርብ እንየው፣ ምክንያቱም ቀጣዩ እስራት የተሠራው ከእሱ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ይቅርታ የማድረግ ሥልጣን በሕግ መሠረት የርእሰ ብሔሩ ነው። ዝርዝሩ በጊዜው በነበረው አዋጅ ቁጥር 395/1996 ተቀምጦ ነበር፦ ጥያቄ ይቀርባል፣ የይቅርታ ቦርድ ይመረምራል፣ የውሳኔ ሐሳብ ለፕሬዚዳንቱ ይሄዳል፣ ፕሬዚዳንቱ ይፈርማል። ይቅርታ ፍርዱን አይሰርዝም፤ ቅጣቱን ያስቀራል እንጂ። ስለዚህ ይቅርታው ከተሻረ ቅጣቱ ያለ አዲስ ክርክር፣ ያለ አዲስ ምስክር፣ ያለ አዲስ ፍርድ ካለበት ይነሣል። በይቅርታ የወጣ ፖለቲከኛ የሚኖረው ከዚህ አደጋ ጋር ነው፤ ያልተፈጸመ ቅጣት ሁልጊዜ መዝገብ ቤት አለ።

በቅንጅቶቹ ጉዳይ መሀል ላይ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ፣ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ሌሎች። እስረኞቹ በሰኔ 1999 በሽምግልናው የተዘጋጀ ደብዳቤ ላይ ፈርመዋል። ችግሩ አንዱ ድርጊት ሁለት ስም ያለው መሆኑ ላይ ነው። ለመንግሥት ወረቀቱ የይቅርታ ልመና ነው፣ በሕግ ሥርዓት የቀረበ። ለፈራሚዎቹ ግን የድርድር ፍጻሜ ነው፣ ሽማግሌ የያዘው፣ ሁለቱም ወገን የሰጠበትና የተቀበለበት። ሽማግሌ በአገራችን የተከበረ ነገር ነው። ነገር ግን የሽምግልናው ቃል የሚኖረው በሰዎቹ ኅሊና ውስጥ ነው፤ የአዋጁ ወረቀት የሚኖረው ዶሴ ውስጥ ነው። ሲጣሉ ዶሴው ይወጣል። በሽምግልናው ወቅት ከመንግሥት በኩል የተገባው ቃል በጽሑፍ ከእስረኞቹ ፊርማ ጎን አለመቀመጡ፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉ የከፋው ጉድለት ነበር።

ቅንጅት ከእስር በኋላ ተበታተነ። ወ/ሪት ብርቱካን በ2000 ዓ.ም. የአንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። በአገራችን ሴት በፓርቲ ውስጥ የሴቶች ጉዳይ ኃላፊ ስትሆን እንጂ የትልቅ ተቃዋሚ ፓርቲ ሊቀመንበር ስትሆን ያልተለመደ ነበር። ፓርቲውን ለማደራጀት ከአዲስ አበባ ውጭ እየተዘዋወሩ፣ በውጭ ያሉትን ደጋፊዎች ደግሞ በአካል እያገኙ ሠሩ። በ2001 መጀመሪያ ወራት ስዊድን ላይ ለደጋፊዎች ሲናገሩ ከእስር የወጡት በሽማግሌዎች ድርድር መሆኑን ገለጹ። መንግሥት ይህን ይቅርታ አልጠየቅሁም ብለዋል ብሎ ያዘው። የፌዴራል ፖሊስ ጠርቶ ንግግራቸውን እንዲያስተባብሉ የ3 ቀን ጊዜ ሰጣቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ከላይ የዘረዘርኩት የይቅርታ ሰንሰለት ውስጥ የይቅርታ ቦርድ አለ፣ ፕሬዚዳንት አለ። ፖሊስ የለም። ይቅርታ ከመሻሩ በፊት ባለጉዳዩ ምክንያቱ በሥርዓቱ ተነግሮት ለሚወስነው አካል መልስ መስጠት አለበት፤ የስልክ ጥሪና የ3 ቀን ማስጠንቀቂያ የዚያ ምትክ አይሆንም። የዳኝነት ሙያ የነበራቸው ሰው ይህን አላጡትም። «ቃሌ» ብለው ባወጡት ጽሑፍ ፊርማቸውን አልካዱም፤ ያልተቀበሉት የሆነውን አልሆነም ብለው እንዲናገሩ መጠየቃቸውን ነው። በታኅሣሥ 2001 መንገድ ላይ ተይዘው ቃሊቲ ገቡ። አብረዋቸው የነበሩት አረጋዊው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም በሰደፍ ተመቱ። የዕድሜ ልኩ ፍርድ ያለ ችሎት ተመለሰ።

መጀመሪያዎቹን ወራት ለብቻቸው ተነጥለው ታሰሩ፤ የርሃብ አድማም አደረጉ። እንዲጠይቋቸው የተፈቀደላቸው እናታቸውና ገና ሕፃን የነበረች ልጃቸው ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስራት የሥራ ቡድን እንደ ፈረንጆቹ በ2009 እስሩ የዘፈቀደ ነው ሲል አስተያየቱን ሰጠ። አቶ ስዬ አብርሃና የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ ወደ አንድነት ፓርቲ የገቡትም እሳቸው እስር ላይ ሳሉ ነው። በ1993 ዳኛዋ በዋስ እንዲለቀቁ ያዘዙላቸው ሰው፣ በ2002 የሊቀመንበራቸውን መፈታት የሚጠይቁ የፓርቲዋ አባል ሆኑ። የግንቦት 2002 ምርጫ እሳቸው ቃሊቲ እያሉ አለፈ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ያዙ። መስከረም 26 ቀን 2003፣ ከ21 ወር በኋላ፣ ሌላ የይቅርታ ጽሑፍ ፈርመው ወጡ። ያን ፊርማ እንደ መሸነፍ የቆጠሩባቸው ነበሩ። ልጅ ያላት እናት፣ ይግባኝ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ውስጥ ሆና የፈረመችውን ወረቀት በዚያ ዓይን ማየት ትክክል አይመስለኝም። ወረቀቱ የሚመሰክረው ስላስፈረመው ነው።

ከዚያ ስደት። በዋሽንግተን የናሽናል ኢንዳውመንት ፎር ዴሞክራሲ ተመራማሪ ሆኑ፣ በሐርቫርድ ኬኔዲ ስኩል በሕዝብ አስተዳደር ማስተርሳቸውን ሠሩ። ከዳያስፖራው ፖለቲካ ግርግር በአብዛኛው ራቅ ብለው ነበር የቆዩት።

በ2011 መጀመሪያ ላይ የሴቶች ሹመት በተከታታይ መጣ። ካቢኔው ግማሽ በግማሽ ሆነ፣ ወ/ሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት። ወ/ሪት ብርቱካን ወደ አገር በተመለሱ በሳምንታት ውስጥ፣ ኅዳር 13 ቀን 2011፣ ምክር ቤቱ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማቸው። ከሁሉም ሹመቶች የዚህ ክብደት የተለየ ነው። ርእሰ ብሔርነት በአብዛኛው የክብር ቦታ ነው፤ ምርጫ ቦርድ ግን ማን ሥልጣን እንደሚይዝ የሚቆጠርበት ቤት ነው። ከእሳቸው በፊትም ቦታው ላይ ወ/ሮ ሳሚያ ዘካሪያ ነበሩና የሴት መሾም ለቦርዱ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር የቦርዱን ውሳኔ በግንባር የቀመሰ ሰው ቦርዱን መምራቱ ነው።

ይጠብቃቸው የነበረው ሥራ ከሕጉ ይጀምራል። አዋጅ ቁጥር 1133/2011 ቦርዱን በ5 አባላት እንደገና አቋቋመ፤ አባላቱ ለቦርዱ ብቻ በሙሉ ጊዜ የሚሠሩ ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ የምርጫውን፣ የፓርቲ ምዝገባውንና የሥነ ምግባሩን ሕግ አንድ ላይ አመጣ። አገር አቀፍ ፓርቲ ለመሆን 10,000፣ ለክልል ፓርቲ 4,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋል አለ። በዚያን ጊዜ ከ100 በላይ ፓርቲ ነኝ ባይ ነበር፤ ብዙዎቹ ቢሮና ማኅተም እንጂ አባል አልነበራቸውም። ቁጥሩ ከፍ ሲል ተቃውሞው በረታ፣ የርሃብ አድማ እናደርጋለን ያሉም ነበሩ። ቦርዱ ሕጉን ይዞ የመሥራቾችን ፊርማ አስመረመረ፤ ያላሟሉት ተሰረዙ። የመገናኛ ብዙኃኑን ሥራ የያዙት ሶልያና ሽመልስ ነበሩ፤ በዞን 9 ጦማሪያን ክስ በሌሉበት ተከሰው የነበሩት። የቦርዱ ውሳኔዎች ከነምክንያታቸው ለሕዝብ መለጠፍ የተለመደው በዚህ ጊዜ ነው፤ ትንሽ የሚመስል ግን ትልቅ ለውጥ ነው፣ ምክንያቱ ያልተጻፈ ውሳኔ ይግባኝ ሊባልበት አይችልምና።

የመጀመሪያው ፈተና የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሆነ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ደረጃውን ግልጽ አድርጎታል፦ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ክልል እንሁን ብሎ ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ያቀርባል፤ ጥያቄው በደረሰ በ1 ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደራጃል፤ አብላጫው ከደገፈ ሥልጣን ይተላለፋል። የተሰናከለው ጊዜው ላይ ነው። ዓመቱ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ሲሞላ ሕዝበ ውሳኔው ገና አልተደራጀም ነበር፤ በራሳችን እናውጃለን የሚል ግፊት መጣ፣ በግጭቱም የሰው ሕይወት ጠፋ። ድምፁ የተሰጠው ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው። ክልል መሆኑን ለሚደግፍ ምልክቱ ሻፌታ፣ በደቡብ ክልል መቆየትን ለሚመርጥ ጎጆ ነበር፤ ማንበብ የማይችል መራጭም ምን እንደመረጠ እንዲያውቅ። ሻፌታ 98.51 በመቶ አገኘ። ውጤቱ ማንንም ባያስገርምም ቀኑ በሰላም መዋሉ ለአዲሱ ቦርድ የመጀመሪያው ማስረጃ ሆነ።

ጠቅላላ ምርጫው ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ተይዞ ነበር። ኮሮና ሲገባ ቦርዱ መጋቢት 22 ቀን 2012 በተያዘው ጊዜ ማካሄድ አልችልም አለ። ይህ ውሳኔ የቦርዱ ሥልጣን ነው፤ የመንግሥት ዘመን ሲያልቅ ምን ይሁን የሚለው ግን አይደለም። እሱ በሕገ መንግሥት ትርጉም በኩል ሄዶ ሰኔ 3 ቀን 2012 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሥልጣን ጊዜውን አራዘመ። የትግራይ ክልል የራሴን አካሂዳለሁ ብሎ ቦርዱን ሲጠይቅ፣ ቦርዱ ምርጫው አገር አቀፍ ሆኖ ተራዝሟል፣ ከእኔ ሌላም ምርጫ የማካሄድ ሥልጣን ያለው አካል የለም ሲል መለሰ። ክልሉ በጳጉሜ የራሱን አካሄደ፤ ጥቅምት 2013 ጦርነት ተከተለ። ቦርዱ ጥር 2013 ሕወሓትን በኃይል ተግባር ተሳትፏል ብሎ ከምዝገባ ሰረዘ። የሕጉን ፊደል ይዞ የተሰጠ መልስ ሁለት የታጠቁ ወገኖችን ማስታረቅ አይችልም። ቦርዱን በዚህ መክሰስ አልፈልግም፤ ነገር ግን የተቋሙ ወሰን የት ላይ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

አዲሱ የምርጫ ቀን መጀመሪያ ግንቦት 28፣ በኋላ ሰኔ 14 ቀን 2013 ሆነ። ለምን ተገፋ ለሚለው ሥራውን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። አገሪቱ 547 ምርጫ ክልል አላት። በእያንዳንዱ ምርጫ ክልል ዕጩዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ የተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ መስጫ ወረቀት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያል፤ በላዩ የክልል ምክር ቤት ወረቀት አለ። ስለዚህ የሚታተመው አንድ ወረቀት በሚሊዮን ቅጂ ሳይሆን በመቶዎች የሚቆጠር የተለያየ ወረቀት ነው፣ እያንዳንዱ በስም፣ በምልክት፣ በቦታ ትክክል መሆን ያለበት። ኅትመቱ የተሠራው ዱባይ ነው። አንድ ዕጩ ዘግይቶ ሲገባ ወይም ሲወጣ የዚያ ምርጫ ክልል ወረቀት በሙሉ ይጣላል። አንድ ጣቢያ እስከ 1,500 መራጭ ይመዘግባል፤ ጣቢያው ዘግይቶ ከተከፈተ ምዝገባው ይዘገያል፣ የመራጩ ቁጥር ዘግይቶ ከታወቀ የሚላከው ወረቀት ብዛት ይሳሳታል። በሰኔ 14 በሲዳማ ወረቀት አልቆ ድምፅ መስጠቱ ለማግስቱ ያደረው ከዚህ ዓይነት ስሕተት ነው። በሶማሌ ክልል ደግሞ በምዝገባ ላይ በቀረበ አቤቱታ ምክንያት ድምፁ ወደ መስከረም 20 ቀን 2014 ተገፋ።

በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መሀል የሰበሩ ፍርድ መጣ። ባልደራስ ፓርቲ እስር ላይ ያሉትን አቶ እስክንድር ነጋንና ሌሎች አመራሮቹን በዕጩነት አቀረበ። ቦርዱ አልመዘግብም አለ። አቶ እስክንድር በ1998 ከቅንጅት መሪዎች ጋር የተከሰሱ ጋዜጠኛ ናቸው፤ የቦርዱ ሰብሳቢም ተከሳሽ በነበሩበት ጊዜ ማለት ነው። ክርክሩ ደረጃውን ጠብቆ መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ደረሰ፤ ሰበር በግንቦት 2013 ዕጩዎቹ ይመዝገቡ ሲል ወሰነ። ሰዎቹ ተከሳሾች እንጂ ጥፋተኛ የተባሉ አልነበሩምና ፍርዱ ትክክል ነው፤ የቦርዱ የመጀመሪያ አቋም ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ፣ ከእሳቸው ደግሞ ይልቁን ያልተጠበቀ። ቦርዱ መጀመሪያ ወረቀቱ ታትሟል፣ መፈጸም አይቻልም አለ። ይህ ሰበብ ብቻ አልነበረም፣ ከላይ እንዳልኩት አንድ ስም ሲገባ ወረቀቱ ሁሉ ይጣላል፤ ምርጫው ደግሞ የሳምንታት ዕድሜ ነበር የቀረው። በመጨረሻ ግን ታዘዘ። የአዲስ አበባዎቹ ወረቀቶች እንደገና ታተሙ፣ እስረኞቹ በዕጩነት ወረቀቱ ላይ ወጡ። በሐረሪም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለብሔራዊ ጉባኤው መምረጥ አይችሉም ያለውን የቦርዱን ውሳኔ ፍርድ ቤት ሻረው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኔ ትልቁ ቦታ ይህ ነው። በ1993 የዳኛ ትእዛዝ ከችሎት በር ሳያልፍ ተሻረ። በ1997 ቦርዱንም ፍርድ ቤቱንም አንድ ሰው ይመራ ነበር። በ2013 ፍርድ ቤቱና ቦርዱ በሁለት የተለያዩ ሴቶች ይመሩ ነበር፣ ፍርድ ቤቱ ቦርዱን አሸነፈ፣ ቦርዱም እየከበደው፣ ገንዘብና ጊዜ እየከሰረ ፈጸመ። ትእዛዛቸው የተጣሰባቸው ዳኛ ተራው ደርሶ ትእዛዝ ሲመጣባቸው ታዘዙ።

የምርጫውን ቀን ግን ከዚህ በላይ ማሳመር አይገባም። ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል፣ ሰልፉ ረጅም ስለነበር ድምፅ መስጫው በ3 ሰዓት ተራዝሞ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ዘልቋል። በዚያው ቀን ወ/ሪት ብርቱካን መግለጫ ሰጥተው በአማራና በደቡብ ክልሎች የተቃዋሚ ወኪሎች ከጣቢያ እየተባረሩ መሆኑን፣ ካልታረመ ውጤቱን እንደሚጎዳ በግልጽ ተናግረዋል። ወኪል ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? ቆጠራው የሚከናወነው በጣቢያው ነው፤ ውጤቱ ተጽፎ ይፈረማል፣ በጣቢያው ይለጠፋል፣ ከዚያ ነው ወደ ምርጫ ክልል የሚሄደው። በላይ ያለው ድምር ስሕተት ቢኖርበት ማረጋገጫው የወኪሉ እጅ ላይ ያለው ቅጂ ነው። ወኪል ከሌለ ፓርቲው የሚከራከርበት ወረቀት የለውም። የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ደግሞ የወረዳ ሚሊሻ አያዝም።

የሜዳው ጥያቄም አለ። የኦሮሞ ፓርቲዎቹ ኦነግና ኦፌኮ መሪዎቻችን ታስረዋል፣ ቢሮዎቻችን ተዘግተዋል ብለው አልተወዳደሩም፤ በኦሮሚያ ሰፊ ክፍል መራጩ ፊት የቀረበ ብርቱ ተፎካካሪ አልነበረም። ትግራይ ጦርነት ላይ ነበረች። ሐምሌ 3 ውጤት ሲነገር ብልጽግና ፓርቲ 410 መቀመጫ አሸነፈ። ቆጠራው ከቀደሙት የተሻለ ንጹሕ ነበር ማለትና ውድድሩ ሙሉ ነበር ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ፣ ሁለተኛውን አልቀበልም። ቦርዱ ሊያስተካክል የሚችለው ከምዝገባ እስከ ቆጠራ ያለውን ነው፤ ማን እንደሚታሰርና የማን ቢሮ እንደሚዘጋ የሚወሰነው ሌላ ቤት ነው።

ከምርጫው በኋላ ያለው ሥራቸው ብዙ አልተወራበትም፤ ለእኔ ግን ከጠንካሮቹ አንዱ ነው። ጥር 29 ቀን 2015 በደቡብ 6 ዞኖችና 5 ልዩ ወረዳዎች አዲስ ክልል ለመመሥረት ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። በወላይታ ዞን ቦርዱ ከባድ የሕግ ጥሰት አገኘ፣ የዞኑን ውጤት ሙሉ በሙሉ ሰርዞ ድጋሚ አዘዘ። የአንድን ትልቅ ዞን ድምፅ ከነወጪው፣ ከነፖለቲካው ጫና ሰርዞ እንደገና ማለት የወረዳ አስተዳዳሪዎችን ሁሉ ማስቆጣት ነው። የራስን ሥራ ጉድለት በአደባባይ ማመንም ነው፣ ምክንያቱም ጣቢያዎቹን ያስተዳደሩት ቦርዱ ራሱ የመለመላቸው አስፈጻሚዎች ናቸው። ድጋሚው ድምፅ ሰኔ 12 ቀን 2015 ተሰጠ። በዚያው ወር ወ/ሪት ብርቱካን በጤና ምክንያት ሥራቸውን እንደሚለቁ አሳወቁ፤ ከነሐሴ 1 ቀን 2015 ጀምሮም ለቀቁ። በኋላ የቦርዱ ሰብሳቢ ሆነው የተሾሙት ሜላትወርቅ ኃይሉ ናቸው።